“ቀላል” የተባለ የእግር መንገድ ለአረጋውያን በእርግጥ ቀላል ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ እና በአጎራባቾቹ በሜሪላንድ እና በቨርጂኒያ የማርች ወር ሲገባ አየሩ መለዋወጥ ይጀምራል። ጠዋት ውርጭ የነበረው ቀን ቀትር ላይ ኮት ያስወልቃል። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም፤ ከሥራቸው ግን የመጀመሪያዎቹ አበቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። ትንኙና የበጋው ወበቅ አልደረሱም። የቅዝቃዜውን ወራት ቤት ውስጥ ላሳለፉ አረጋውያን ይህ ጊዜ ወደ እግር ጉዞ ለመመለስ አመቺ ነው።

ይህ አካባቢ ከኢትዮጵያ ውጭ ከሚገኙ ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ የሚኖርበት ነው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ወይም የእርጅና ዘመናቸውን ከልጆቻቸው ጋር ለማሳለፍ ወደዚህ የመጡ እናቶችና አባቶች በርካታ ናቸው። ብዙዎቹ በአገር ቤት ሳሉ መራመድን “ስፖርት” ብለው ጠርተውት አያውቁም። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት የሚደረሰው በእግር ነበር። እዚህ ግን መኪና የማይነዳና ቋንቋው የማይቀናው ሰው ከቤት የሚወጣው ልጆቹ ከሥራ በሚያርፉበት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል።

በፀደይ መግቢያ “እስቲ እንውጣ” ሲባል ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው መንገድ ይመቻል የሚለው ነው። መልሱ በምልክት ሰሌዳ ላይ “ቀላል” የሚል ቃል ከመፈለግ ያለፈ ነው።

ቤት መዋል የሚያስከፍለው ዋጋ

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የሰውነትን ሚዛን የመጠበቅ አቅም እና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲኖር ያሳስባል። መካከለኛ ጥረት የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያዳግትበት ፍጥነት ነው።

የሚዛን ጉዳይ በተለይ የተነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው በአገሪቱ ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ሰዎች መካከል በየዓመቱ ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ይወድቃሉ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ብዙዎችን ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ችለው እንዳይኖሩ ያደርጋል።

እዚህ ላይ አስቸጋሪ አዙሪት አለ። መውደቅን የፈራ ሰው መራመድ ይቀንሳል፤ መራመድ ሲቀንስ የእግር ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲደክም ደግሞ የመውደቅ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ለአንድ አረጋዊ ትክክለኛውን መንገድ መምረጥ ለመዝናናት ቦታ ከመምረጥ ያለፈ ትርጉም አለው። አዙሪቱን የሚሰብር የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን ይችላል።

“ቀላል” ማለት ምን ማለት ነው?

የፓርክ ካርታዎችና የስልክ መተግበሪያዎች መንገዶችን “ቀላል”፣ “መካከለኛ” እና “ከባድ” ብለው ይከፍላሉ። አከፋፈሉ በአብዛኛው የሚመሠረተው በርዝመትና በዳገቱ መጠን ላይ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሳያስተውለው የሚያልፈው የዛፍ ሥር ግን ለሰባ ስምንት ዓመት እናት መሰናክል ነው።

ለአረጋውያን አምስት ጉዳዮች ከርዝመቱ ይቀድማሉ። አንደኛው የመሬቱ ገጽ ነው፤ ሥርና ድንጋይ ያልበዛበት፣ ውኃ የማያቁር መሆን አለበት። ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ብዙውን ጊዜ ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ይከብዳል። ሦስተኛው መቀመጫ፣ አራተኛው መጸዳጃ ቤት ነው። አምስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ በፈለጉበት ቦታ ዞሮ የመመለስ ዕድል ነው። ዙሪያ ገጠም የሆነ መንገድ ግማሹ ላይ ሲደክሙ አማራጭ አይሰጥም። በሄዱበት የሚመለሱበት መንገድ ግን አሥር ደቂቃም ይሁን ሁለት ሰዓት መጠኑን የሚወስነው ተጓዡ ነው።

እነዚህን መስፈርቶች የሚያሟሉ መንገዶች ብዙውን ጊዜ ለመዝናኛ ታስበው የተሠሩ አልነበሩም። ሜዳ የሆኑት ሌላ ሥራ ስለነበራቸው ነው። ይህን የተረዳ ሰው በየትኛውም ከተማ ቢኖር ተመሳሳዩን መፈለግ ይችላል።

በበቅሎዎች የተደለደለው መንገድ

ከዋሽንግተን የጆርጅታውን ሰፈር ተነስቶ በሜሪላንድ እስከምትገኘው ከምበርላንድ ከተማ ድረስ 184.5 ማይል ወይም 297 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ የጀልባ ቦይ አለ። የቼሳፒክ እና ኦሃዮ ቦይ ይባላል። ቁፋሮው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1828 ተጀምሮ በ1850 አበቃ፤ እስከ 1924 ድረስም የድንጋይ ከሰልና ሌላ ጭነት ሲመላለስበት ቆይቷል።

ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቦዩ ዳርቻ የሚራመዱ በቅሎዎች ነበሩ። ከባድ ጭነት የሚጎትት በቅሎ ዳገት እንዳይገጥመው ዳርቻው ተደልድሎ ተሠራ። ቦዩ ከፍታ በሚለውጥበት ቦታ ሁሉ ጀልባዎችን እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ፣ በጠቅላላው 74 የውኃ በሮች ተገነቡ። በዚህ ሁሉ ርዝመት የቦዩ የከፍታ ልዩነት 605 ጫማ ወይም 184 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሲካፈል ከአንድ ሜትር በታች ይሆናል። ዛሬ የሚራመደው ሰው ዳገት የሚመስል ነገር የሚያየው በውኃ በሮቹ አጠገብ ብቻ ነው፤ እሱም አጭር ነው።

መንገዱ ለእግረኞች የቀረው በእግረኞች ትግል ነው። በ1950ዎቹ በቦዩ ላይ የመኪና መንገድ የመሥራት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ዊልያም ኦ. ዳግላስ ሐሳቡን ተቃወሙ። በማርች 1954፣ በ55 ዓመታቸው፣ ዕቅዱን የደገፉ የጋዜጣ አዘጋጆችን ጋብዘው ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን በእግራቸው ተጓዙ። አብረዋቸው ከተነሱት ብዙ ሰዎች መካከል ዳኛውን ጨምሮ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 9 ብቻ ነበሩ። የመኪና መንገዱ ሐሳብ ቀረ፤ ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ለአረጋውያን ከሚመቹት የቦዩ ክፍሎች አንዱ በሜሪላንድ በኩል ያለው ግሬት ፎልስ ነው። የፖቶማክ ወንዝ እዚህ ቦታ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 76 ጫማ ወይም 23 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከቦዩ ዳር ተነስተው በድልድዮችና በሳንቃ መንገድ አጭር ርቀት በመሄድ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ማየት ይቻላል። ፀደይ ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ድምፁም ይበረታል።

ይሁን እንጂ በዚያው አካባቢ “ቢሊ ጎት” የሚባል መንገድ አለ። አንዱ ክፍሉ በእጅና በእግር ቋጥኝ የሚወጣበት ነው። የምልክት ሰሌዳውን ሳያነቡ ከቦዩ ዳር ወደ ጎን መታጠፍ ቀላሉን ጉዞ በደቂቃዎች ውስጥ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል።

ባቡሩ የተወው መስመር

ሁለተኛው ዓይነት መንገድ የባቡር ሐዲድ የነበረው ነው። የባቡር የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም። የሐዲዱ መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው መስመሩን ያስተካከሉት ለዚህ ነው። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም የቀረው ለስላሳ ዳገትና ቁልቁለት ለእግረኛ ይሆናል።

በሰሜን ቨርጂኒያ ከአርሊንግተን እስከ ፐርስልቪል 45 ማይል ወይም 72 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው “ደብሊው ኤንድ ኦዲ” የተባለው መንገድ በ1968 ሥራ ባቆመ የባቡር መስመር ላይ የተሠራ ነው። ፎልስ ቸርችን፣ ቪየናን፣ ሬስተንን፣ ኸርንደንንና ሊስበርግን ያቋርጣል። አስፋልት ስለሆነ ከዝናብ በኋላም ጭቃ የለውም። ከኢስት ፎልስ ቸርች የሜትሮ ጣቢያ ቅርብ መሆኑ ደግሞ መኪና ለማይነዱ ሰዎች ትልቅ ጥቅም ነው፤ ልጆች እስኪመቻቸው መጠበቅን ያስቀራል።

የዚህ መንገድ ችግር ብስክሌት ነው። ብስክሌተኞች ከኋላ መጥተው ሲያልፉ ደወል ይደውላሉ ወይም “ኦን ዩር ሌፍት” ብለው ይጮኻሉ። “በግራህ በኩል እያለፍኩ ነው” ማለታቸው ነው። “ሌፍት” የምትለዋን ቃል ብቻ የሰማ እግረኛ ወደ ግራ ቢል በቀጥታ ወደ ብስክሌቱ መንገድ ይገባል። ደንቡ ቀኝን ይዞ መራመድ፣ ድምፅ ሲሰሙም አቅጣጫ ሳይለውጡ መቀጠል ነው። በቡድን የሚጓዙ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ጎን ለጎን መሄድ የለባቸውም።

በረግረግ ላይ የተዘረጋ ሳንቃ

ሦስተኛው ዓይነት ረግረጋማ መሬትን ላለመጉዳት ከውኃው በላይ በሳንቃ የተሠራው መንገድ ነው። ረግረግ በተፈጥሮው ሜዳ ስለሆነ መንገዱም ሜዳ ነው።

በፌርፋክስ ካውንቲ የሚገኘው ሃንትሊ ሜዶውስ ፓርክ ከ1,500 ኤከር ወይም ከ600 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። ግማሽ ማይል ገደማ የሚሆነው የሳንቃ መንገዱ ቢቨሮች በገደቡት ውኃ ላይ ያልፋል። ማርች ላይ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጡ እንቁራሪቶች ተባብረው ሲጮኹ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። “ስከንክ ካቤጅ” የተባለው መጥፎ ሽታ ያለው ተክል ደግሞ የራሱን ሙቀት እያመነጨ በዙሪያው ያለውን በረዶ አቅልጦ ያብባል። መግቢያው በነጻ ነው።

በፖቶማክ ወንዝ መካከል ያለችው የቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴትም የሳንቃ መንገድ አላት። ብስክሌት ስለማይፈቀድባት ለእግረኛ ሰላማዊ ናት። ከሮዝሊን የሜትሮ ጣቢያ በእግር ይደረሳል። በመኪና ለሚሄዱ ግን የማቆሚያው መግቢያ የሚገኘው በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ ሰሜን በሚወስደው አቅጣጫ ብቻ ነው።

የወቅቱ ወጥመዶች

የፀደይ መግቢያ የራሱ አደጋዎች አሉት። ሌሊት የጣለ ውርጭ ጠዋት በሳንቃ ላይ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ብዙ የሳንቃ መንገዶች ደግሞ መደገፊያ የላቸውም። ካለፈው ዓመት የቀረ እርጥብ ቅጠልም ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን ካደረቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ ጀምሮ መውጣት ይመረጣል። ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ የቦዩ ዳርቻ በከፊል ሊዘጋ ስለሚችል ከመነሳት በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ ማየት ያስፈልጋል።

ቀዝቃዛ አየር የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በዝግታ መራመድ ሰውነትን ያላምዳል። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ይልቅ የሚደራረቡና አንድ በአንድ የሚወልቁ ልብሶች ይሻላሉ።

ከዘራ የሚይዙ አባቶች ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ ማየት አለባቸው፤ ያለቀ ጎማ በእርጥብ ሳንቃ ላይ ድጋፍ ከመሆን ይልቅ ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማና ሶሉ የለሰለሰ ጫማ ለእነዚህ መንገዶች አይሆኑም።

ሌላው መዥገር ነው። በአገር ቤት መዥገር የከብት ጣጣ ተደርጎ ይታያል፤ በዚህ አካባቢ ያለው ባለ ጥቁር እግር መዥገር ግን “ላይም” የተባለውን በሽታ ወደ ሰው ያስተላልፋል። አየሩ ከበረዶ ነጥብ ከፍ ሲል መንቀሳቀስ ስለሚጀምር የማርች ብርድ ዋስትና አይደለም። መከላከያው ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ከመንገዱ መሃል አለመውጣትና ቤት ሲደርሱ ብብትን፣ ጉያን፣ ከጉልበት ኋላና የጸጉር ሥርን መፈተሽ ነው። በሽታው እንዲተላለፍ መዥገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ መጣበቅ ስላለበት የዚያኑ ዕለት መፈተሽ ትልቅ ጥቅም አለው። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል ይገባል። በእሳት ማቃጠል ወይም ቫዝሊን መቀባት አይመከርም።

ጾም፣ መድኃኒት እና ጉዞ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የ55 ቀን ዐቢይ ጾም በዚሁ ወቅት ይውላል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም የሚገባው ከዚህ ጊዜ ብዙ ሳይርቅ ነው። እህልና ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ የሚቆዩ አረጋውያን በባዶ ሆዳቸው ረጅም መንገድ ቢሄዱ ሊያዞራቸውና ሊወድቁ ይችላሉ።

ጥንቃቄው በተለይ የሚያስፈልገው ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም የስኳር መጠንን የሚቀንስ ኪኒን፣ ለደም ግፊት ደግሞ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ፣ የኋለኞቹ የሰውነትን ፈሳሽ ሊቀንሱ ይችላሉ። ጾሙንና ጉዞውን እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ ይገባል። ለብዙዎች አመቺው መፍትሔ ጉዞውን ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት ማዛወር ነው። የጾም ስንቅ አይጠፋም፤ በጠርሙስ የተበጠበጠ በሶና ጥቂት ቴምር ከባድ ሳይሆኑ ጉልበት ይሰጣሉ።

በጉዞ ላይ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ማቆምና 911 መደወል ያስፈልጋል። በቦዩ ዳርም ሆነ በቀድሞው የባቡር መስመር ላይ ርቀትን የሚያመለክቱ የማይል ምልክቶች ተተክለዋል። እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው እንኳ የመንገዱን ስምና የመጨረሻውን ቁጥር መናገር ከቻለ የነፍስ አድን ሠራተኞች የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ።

የመግቢያ ክፍያ

ግሬት ፎልስ በመኪና ለሚገቡ ክፍያ አለው። ዕድሜያቸው 62 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የአሜሪካ ዜጎችና የግሪን ካርድ ባለቤቶች ግን ለአንድ ዓመት በ20 ዶላር፣ ለዕድሜ ልክ በ80 ዶላር የአረጋውያን ማለፊያ ማግኘት ይችላሉ። ክፍያው በመኪና በሚሆንበት ፓርክ ማለፊያው በዚያው መኪና ውስጥ ያሉትን ቤተሰቦች ጭምር ያስገባል። በጉብኝት ቪዛ የመጡ ወላጆች ግን ይህን ማለፊያ ማውጣት አይችሉም።

በሌሎች አገሮች

የበቅሎው፣ የባቡሩና የሳንቃው መመዘኛ ከዋሽንግተን ውጭም ይሠራል። በለንደን በ1820 የተከፈተው የሪጀንት ቦይ ጀልባ በፈረስ የሚጎተትበት ስለነበር ዳርቻው ሜዳ ነው፤ በሰሜን ለንደን ያለው “ፓርክላንድ ዎክ” ደግሞ የቀድሞ የባቡር መስመር ነው። በኢየሩሳሌምም ከጃፋ ይመጣ በነበረው አሮጌ ሐዲድ ላይ የእግር መንገድ ተሠርቷል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቀን አቆጣጠሩ ይገለበጣል። እዚያ ማርች የመራመጃው ወቅት ማብቂያ ነው፤ ከኤፕሪል በኋላ የቀኑ ሙቀት አይፈቅድም። “ኮርኒሽ” የሚባሉት የአቡዳቢ፣ የዶሃና የጅዳ የባሕር ዳር መንገዶች ሜዳ ስለሆኑ በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይመቻሉ።

ከ15 ደቂቃ ወደ ብሉቤል

ከቅዝቃዜው ወራት የወጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን የልቡን ያህል ለመሄድ ይቃጣዋል። ሜዳ መንገድ ደግሞ ያታልላል፤ ድካሙ የሚታወቀው ሲመለሱ ነው። አስተማማኙ አካሄድ ጉልበት ሳይደክም መዞር፣ ከተቻለም ከጎረቤት፣ ከማኅበር ወይም ከዕድር ጓደኛ ጋር መሄድ ነው።

በማርች መጀመሪያ በ15 ደቂቃ የጀመረ ሰው በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ቢጨምር በኤፕሪል አጋማሽ ወደ 45 ደቂቃ ይደርሳል። ይህ ጊዜ በፖቶማክና በቡል ረን ወንዞች ዳር “የቨርጂኒያ ብሉቤል” የተባለው ሰማያዊ አበባ የሚያብብበት ነው። አበባው ቸኩሎ የሚያብበው ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ፀሐዩን ከመከለላቸው በፊት ሥራውን መጨረስ ስላለበት ነው። ከዚያም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመሬት በላይ ያለው ክፍሉ ይጠወልግና እስከሚቀጥለው ዓመት ይሰወራል። አበባው መቀጠፍ የለበትም፤ እሱን ለማየት ግን በማርች የመጀመሪያ ሳምንት 15 ደቂቃዋን መጀመር ያስፈልጋል።